መጠጥና የመርከብ ላይ ኑሮ በብሪታንያ የንግድ መርከበኞች ትዝታ

በብሪታንያ የጭነትና የመንገደኛ መርከቦች ላይ ተቀጥረው የኖሩ ሰዎች ጡረታ ከወጡ በኋላ በሚያወሩት ታሪክ ውስጥ መጠጥ የማይጠፋ ጉዳይ ነው። ሰክሮ መርከቡ ጥሎት ስለሄደ ወጥ ሠሪ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ተለምኖ ስለወጣ የሞተር ክፍል ሠራተኛ፣ ገና በዓልን በውቅያኖስ መሀል ስላከበሩ ጓደኞች የማይሰማ ወሬ የለም። እነዚህን ትዝታዎች የስካር ገድል ብቻ አድርጎ መውሰድ ግን ነገሩን ያሳንሰዋል። መጠጡ ከደመወዝ አከፋፈል፣ ከሥራ ተራ፣ ከማዕረግ ልዩነትና መርከብ ወደብ ላይ ከምትቆይበት ጊዜ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ በመጨረሻ የመርከቡን ባር የዘጋውም ከስብከቱ ይልቅ የእነዚህ ነገሮች መለወጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ባሕር ሲነሳ ትዝ የሚለው ሩም የተባለው ጠንካራ መጠጥ ዕደላ የጦር ባሕር ኃይሉ እንጂ የንግድ መርከቦች ሥርዓት አልነበረም። በንጉሣዊው ባሕር ኃይል ውስጥ አድሚራል ኤድዋርድ ቬርኖን በ1740 ሩሙ በውሃ ተበርዞ እንዲታደል አዘዘ፤ ድርሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ጊዜ በግማሽ ተቀንሶ ቆይቶ ጁላይ 31 ቀን 1970 ጨርሶ ቀረ። የንግድ መርከበኛ ግን እንዲህ ያለ በሕግ የተረጋገጠ ድርሻ አልነበረውም፤ እንዲያውም የቅጥር ውሉ መጠጥ እንደማይሰጠው አስቀድሞ የሚያስታውቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። በማዕበል ውስጥ ሸራ ሲጠቀልሉ ላደሩ ሰዎች ካፒቴኑ አንዳንድ መለኪያ ቢያድል በገዛ ፈቃዱ ነው። በ1867 የወጣው ሕግ ባለመርከቦችን ያስገደደው የሎሚ ጭማቂ እንዲያቀርቡ ነበር፤ ዓላማውም ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣውንና ድድ የሚያደማውን ስከርቪ መከላከል ነው። ጭማቂው እንዳይበላሽ ራሱ አልኮል ይጨመርበት እንደነበር ማስታወስ ደግ ነው። በአሜሪካ በኩል በ1830ዎቹ በርካታ የንግድ መርከቦች መጠጥን ከነጭራሹ ከልክለው ነበር፤ የመድን ድርጅቶችም ለእንዲህ ያሉት መርከቦች ዋጋ ይቀንሱ ስለነበር ባለንብረቶቹ በቁጥብነታቸው ሁለት ጊዜ አትርፈዋል።

ስለዚህ በሸራ መርከቦች ዘመን የመጠጡ ዋና ስፍራ የብስ ነበር። ደመወዝ የሚከፈለው ጉዞው ሲያበቃ በአንድ ጊዜ ነው፤ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በደረቅ ብስኩትና በጨው ሥጋ የኖረ ሰው ኪሱ ሞልቶ ወደ ለንደኑ ራትክሊፍ ሃይዌይ፣ ወደ ካርዲፉ ታይገር ቤይ ወይም ወደ ሳን ፍራንሲስኮው ባርባሪ ኮስት ሲወርድ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። ከሁሉ የከፉት ደላሎቹ ናቸው። ደላላው መርከበኛውን ተቀብሎ ማደሪያ፣ ልብስና መጠጥ በዱቤ ያቀርብለታል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ሌላ መርከብ ያስቀጥረዋል፤ ካፒቴኑ ለአዲሱ ተቀጣሪ የሚሰጠውን የቅድሚያ ደመወዝ ሰነድ ደግሞ ለዕዳው ብሎ ራሱ ይወስደዋል። ሰካራም ወይም በመድኃኒት የደነዘዘ ሰው በጀልባ ተጭኖ ወደማያውቀው መርከብ የሚወሰድበት ጊዜም ነበር። እንዲህ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያውን ወር የሚሠራው አስቀድሞ ለተጠጣ መጠጥ ነው።

መርከበኞች ይህን የዕዳ ወር የሚሸኙበት ሥርዓት ነበራቸው። ወሩ ሲሞላ ከሸራ ጨርቅ ተሰፍቶ ጭድ የተሞላ ፈረስ ያዘጋጁና እየዘፈኑ መርከቡን ያዞሩታል፤ ከዚያም በምሰሶው አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቅለው ገመዱን በመቁረጥ ወደ ባሕሩ ይጥሉታል። «የሞተው ፈረስ» የሚባለው ይህ ነው። የለመደበት ካፒቴን በዚያች ማታ መለኪያ ያዝላቸዋል፤ ከማግሥቱ ጀምሮ ሁሉም የሚሠራው ለራሱ ነው። በዕዳ ላይ የተዘጋጀ ድግስ በመጠጥ መደምደሙ ምፀት ቢመስልም በቦታው ለነበሩት ምፀት አልነበረም፤ ዕዳው መጥፎ የሆነው መጠጡን ስላመጣ ሳይሆን ደላላውን ስላደለበ ነው።

ቤተ ክርስቲያንና የበጎ አድራጎት ሰዎች በየወደቡ የመርከበኞች ማደሪያ መክፈት የጀመሩት ይህን ለመቋቋም ነው። በለንደን ዌል ጎዳና የተሠራው የመርከበኞች ማደሪያ በ1835 ተከፈተ፤ በ1856 ደግሞ እስከ ዛሬ በብዙ ወደቦች የሚሠራው የአንግሊካን የመርከበኞች ተልዕኮ ተመሠረተ። ንጹሕ አልጋና ገንዘብ ማስቀመጫ ማቅረባቸው ከስብከታቸው የበለጠ እንደጠቀመ መገመት አይከብድም። በአሜሪካ የደላሎቹን ጉሮሮ የዘጋው የ1915ቱ የመርከበኞች ሕግ ነው፤ ሕጉ የቅድሚያ ደመወዝ መክፈልን ከለከለ፤ ከሥራ ጠፍቶ የሄደ መርከበኛ መታሰሩንም አስቀረ።

በእንፋሎት መርከቦች ዘመን አዲስ ዓይነት ሠራተኛ መጣ። ከምድጃ ፊት ቆሞ በአካፋ የድንጋይ ከሰል የሚጨምረው እሳት ጫሪ በሙቀት ብዛት የሚያልበውን በውሃ የተበጠበጠ የአጃ ዱቄት እየጠጣ ይተካል፤ ወደብ ሲወርድ ግን በጠጪነቱ ስሙ ይነሳ ነበር። እዚህ ላይ ትዝታዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። የብሪታንያ ኩባንያዎች ለዚህ ሥራ ከኤደን ወደብ የመኖችንና ሶማሌዎችን፣ ከህንድ ክፍለ አህጉርም ከሲልሄትና ከፑንጃብ ሰዎችን በብዛት ይቀጥሩ ነበር፤ በካርዲፍና በሳውዝ ሺልድስ የሰፈሩት የየመንና የሶማሌ ማኅበረሰቦች መነሻቸው ይኸው ነው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለነበሩ ባሩ የእነሱ ስፍራ አልነበረም። በተለምዶ የመርከብ ሕይወት እየተባለ የሚተረከው የጠጪዎቹ ግማሽ ሕይወት ነው፤ የራሳቸው ወጥ ቤትና የጸሎት ሰዓት የነበራቸው የሌሎቹ ትዝታ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ዛሬ ጡረታ ላይ ያሉት ሰዎች በናፍቆት የሚያነሱት ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ያለው ነው። በዚያን ጊዜ አንድ መደበኛ የጭነት መርከብ 40ና 50 ሠራተኛ ይይዛል፤ ጉዞው ለወራት ይዘልቃል፤ ጭነቱ በከረጢት፣ በበርሜልና በሣጥን እየተነሳ ስለሚራገፍ በአንድ ወደብ ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት የተለመደ ነበር። ከቀረጥ ነፃ የሆነው ቢራ፣ መጠጥና ሲጋራ በአንድ መጋዘን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ መርከቡ ወደብ ሲገባ ጉምሩክ ያሽገዋል፤ ባሕር ላይ ሲሆን የመስተንግዶ ኃላፊው ከፍቶ ይሸጣል፣ ሒሳቡም ከደመወዝ ይቆረጣል። በብዙ ኩባንያዎች ለተራው ሠራተኛ በቀን ሁለት ጣሳ ቢራ ያህል ይፈቀድለት ነበር። መኮንኖች ግን የራሳቸው ባር ስለነበራቸው ውስኪና ጂን በርካሽ ያገኙ ነበር፤ የጠጡትንም በፊርማ ይመዘግባሉ። በታላላቆቹ የመንገደኛ መርከቦች የሠራተኞቹ መጠጥ ቤት ፒግ ኤንድ ዊስል በሚል ስም ይታወቅ ነበር። የማዕረግ ልዩነቱ ከደንብ ልብስ ይልቅ በብርጭቆው ውስጥ ጎልቶ ይታይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጠጡን ሰዓት የሚወስነው የሥራ ተራ ነው። ተረኛው አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ያርፋል፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት የቆመ ሰው እንቅልፉ ከመምጣቱ በፊት ከተራ ጓደኛው ጋር ቢራ የሚከፍተው ሌላው ገና በተኛበት ጎህ ሳይቀድ ነው። ጨዋታው የሚደምቀው፣ ጀማሪው የሚማረው፣ ጠብም የሚበርደው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነበር። በርካታ አረጋውያን መርከበኞች ከቢራው አብልጠው የሚያስታውሱት ይህንን ነው።

ስካር ወደ ሥራ ሲሻገር ቅጣቱ ሥርዓት ነበረው። ካፒቴኑ ጥፋቱን በይፋዊው የመርከብ መዝገብ ያሰፍራል፤ ለጥፋተኛው በግልጽ ይነበብለታል፤ የሰጠው መልስም አብሮ ይጻፋል፤ ከዚያ ከደመወዙ ይቀጣል። ከገንዘቡ የሚብሰው በአገልግሎት ደብተሩ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ነው። ለሥራ ችሎታና ለጠባይ «እጅግ ጥሩ» የሚል ማኅተም የተለመደ ሲሆን፣ ካፒቴኑ አስተያየት ከመስጠት እንደተቆጠበ የሚገልጽ ማኅተም ከተመታ ግን ያ ሰው ቀጣይ ሥራ ለማግኘት ይቸገራል። ትዝታ የሚጽፉት ደግሞ ደብተራቸው ያልተበላሸባቸው ናቸው፤ በመጠጥ ጉበታቸው የታመመው፣ ትዳራቸው የፈረሰውና ሰክረው ከመሰላል ወድቀው የሞቱት በሳቅ በታጀበው ወሬ ውስጥ ቢበዛ የአንድ ዓረፍተ ነገር ቦታ ያገኛሉ። አንባቢ ይህን ማሰብ አለበት።

ይህን ዓለም ከሥሩ የነቀለው ኮንቴይነር ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከአሜሪካዋ ኒዋርክ ወደ ሂውስተን ተነሳች። በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት አሠራሩ በዋና ዋና የባሕር መስመሮች ተስፋፋ። ሳምንት ይወስድ የነበረው ማራገፍ ወደ ሰዓታት ወረደ፤ አዲሶቹ ወደቦች ከከተማው ራቅ ብለው በአጥር ተከልለው ተሠሩ፤ የቀድሞዎቹ መጠጥ ቤቶች ደንበኛ አጡ። ባለንብረቶች መርከባቸውን በሌላ አገር ባንዲራ እያስመዘገቡ ርካሽ ሠራተኛ መቅጠራቸው የብሪታንያን መርከበኞች ቁጥር አመናመነው። ዛሬ ከቀድሞዎቹ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጭነት የምትይዝ መርከብ ከ20 እስከ 25 ሰው ይበቃታል። በዚህ ቁጥር ላይ ሥራ የሌለበትና የሚጠጣ ሰው አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ማርች 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአላስካ ብላይ ሪፍ ከተባለው የባሕር ውስጥ አለት ጋር ተጋጭታ ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ስትደፋ፣ ካፒቴኑ ከጉዞው በፊት መጠጣቱ የዓለም ወሬ ሆነ። ፍርድ ቤት ሰክሮ መርከብ ከመምራት ክስ ነፃ አውጥቶት በቸልተኝነት ነዳጅ በማፍሰስ ብቻ ጥፋተኛ ብሎታል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በበኩሉ ከመጠጡ ጋር፣ በዚያ ሰዓት መርከቧን ይመራ የነበረው ሦስተኛ መኮንን ድካምና የሥራ ጫና የአደጋው ምክንያት መሆኑን ገልጿል። ሕዝቡ ያስታወሰው ግን ጠርሙሱን ነው። ከዚያ በኋላ ትላልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች መጠጥን እያጠበቡ ሄደው ብዙዎቹ ፈጽመው ከለከሉ።

ሕጉም ተከተለ። በ2010 በማኒላ ተሻሽሎ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠናና ብቃት ስምምነት በደም ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.05 በመቶ፣ በትንፋሽ ውስጥ ደግሞ በሊትር ከ0.25 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍትም ያዛል። የአልኮሉን ድንጋጌ በትንፋሽ መለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የእረፍቱ ግን በወረቀት ላይ የሚሞላ ስለሆነ ከሁለቱ የሚጣሰው የትኛው እንደሆነ መርከበኛ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ብዙ መርከቦች ላይ ባሩ የቴሌቪዥን ወይም የስፖርት ክፍል ሆኗል፤ ፊሊፒናውያን በሚበዙባቸው መርከቦች ካራኦኬ የመሰብሰቢያውን ቦታ ወስዷል፤ ኢንተርኔት ያለበት መርከብ ላይ ግን አብዛኛው ሰው ከተራው ወርዶ ወደ ክፍሉ ነው የሚሄደው። ኢትዮጵያውያን ወደ ዓለም አቀፍ መርከቦች በብዛት መግባት የጀመሩት በዚህ ዘመን ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ1960ዎቹ ተቋቁሞ ከአሰብና ከምፅዋ ሲሠራ የነበረው በዝግታ በሚራገፉት መርከቦች ዘመን ነበር፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም (የባሕር ሙያ) ተቋም የሚሠለጥኑት መሐንዲሶች ግን በውጭ ኩባንያዎች የሚቀጠሩት መጠጥን በተመለከተ ደንቡ በጠበቀባቸው መርከቦች ላይ ነው። ከመሳፈራቸው በፊት የጤና፣ ብዙ ጊዜም የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ያደርጋሉ፤ በውላቸው ዘመንም ያለ ማስጠንቀቂያ እንደገና ሊመረመሩ ይችላሉ።