ጡንቻ ገፍቶ አያውቅም

ባሕር ዳር ሰውነቱን የሚያሠራ ሰው ሞልቷል። ጠዋት ጣና ዳር የሚሮጠው፣ ብስክሌት የሚነዳው፣ ማታ ጂም የሚገባው። ስለ ጡንቻ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። ስህተቱ ደግሞ ይመሳሰላል፤ ሕመም ወይም እንቅስቃሴ ባየንበት ቦታ ሁሉ ጡንቻውንም እዚያው እንፈልጋለን።

«ጡንቻ ይስባልም ይገፋልም»

አይገፋም። ጡንቻ የሚያውቀው መኮማተርን ብቻ ነው። ሲኮማተር የተያያዘበትን አጥንት በጅማቱ በኩል ይስባል። ታዲያ የደንገል ታንኳ ከዳር ወደ ውሃ የሚገፋ ሰው በምን ይገፋል? በላይኛው ክንድ ጀርባ ያለው ትራይሴፕስ የክርኑን ጫፍ ወደ ላይ ይስበዋል። ክንዱ ይዘረጋል፣ ታንኳውም ይሄዳል። መግፋት የሚመስለው ነገር ውስጡ መሳብ ነው።

ካላመናችሁ መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ጫን አድርጉና በሌላው እጃችሁ የክንዳችሁን ጀርባ ንኩ፤ ጠጥሯል። አሁን ጠረጴዛውን ከሥር ወደ ላይ አንሱ። የሚጠጥረው የፊተኛው፣ ባይሴፕሱ ነው። የጂም ልጆች የፊተኛውን ብቻ ሲያሠሩ ይውላሉ (መስታወት ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል)። የላይኛውን ክንድ ውፍረት በብዛት የያዘው ግን የኋላው ነው።

«ጣት የሚንቀሳቀሰው በራሱ ጡንቻ ነው»

ጣት ውስጥ ጣትን የሚያጥፍም የሚዘረጋም ጡንቻ የለም። ያሉት ጅማቶች ናቸው። ጡንቻዎቹ መዳፍ ላይና ከክርን እስከ አንጓ ባለው ክንድ ላይ ተቀምጠዋል። ጣቶቻችሁን ክራር እንደሚመታ ሰው አንቀሳቅሱ፤ ክንዳችሁ ሲርገበገብ ታያላችሁ። መረብ ሲጎትት ወይም ልብስ ሲጨምቅ የሰነበተ ሰው የክርኑን ውጫዊ ጎን የሚያመውም ለዚህ ነው።

«በማግስቱ የሚያሳስረን የተጠራቀመ አሲድ ነው»

ይህች የማትሞት ወሬ ናት። አሲድ እየተባለ የሚወራለት፣ በሥራ ጊዜ ጡንቻ ውስጥ የሚፈጠረው ላክቴት ካረፍን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠራል። የሚያሳስረን ሕመም ግን የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ የወረደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሲወጣ ያለከልካል፤ ላክቴቱም ያኔ ይበዛል። በማግስቱ ጭኑን የሚያስጮኸው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭን ፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችንን ይይዛል፣ እንደ ፍሬን ማለት ነው። ያልለመደ ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ ክሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል፤ ሕመሙ ከዚያ በኋላ የሚመጣ መቆጣት ነው። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ያስታግሰዋል። ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ተሳሰርኩ ብሎ መተኛት አይገባም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

«ወለም ያለው እግር ጡንቻው ዞሮ ነው፣ ይታሽ»

ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ጡንቻ አይደለም። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ነው የተለጠጠው ወይም የተቀደደው። የዞረ ነገር ከሌለ ወጌሻው የሚመልሰው ነገርም የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠንክሮ ማሸት እብጠቱን ሊያባብስ ይችላል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ ማድረግ ይሻላል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ ራጅ መነሳት የግድ ነው።

ባጭሩ የሚታለፉ

ስብ ወደ ጡንቻ አይለወጥም፣ ጡንቻም ስፖርት ሲተው ወደ ስብ አይለወጥም፤ ሁለት የተለያዩ ሕብረ ሕዋሶች ናቸው። ምላስም የሰውነታችን አንደኛ ጠንካራ ጡንቻ አይደለም። ለነገሩ አንድ ጡንቻ እንኳ አይደለም፤ ስምንት ጡንቻዎች ናቸው የሚሠሩት። ክብደት ማንሳት ሴትን እንደ ወንድ ያፈረጥማል የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ በሴቶች ከወንዶች በጣም ያነሰ ነው።

«ጥሬ ሥጋና ጥሬ እንቁላል ቶሎ ጡንቻ ይሆናል»

እሳት ፕሮቲንን አያጠፋም፤ እንዲያውም ለመፈጨት ያቀልለዋል። የበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ገደማ ሲመጠጥ የጥሬው 50 በመቶ አካባቢ ነው። የጣና ቆሮሶ ተጠብሶም በወጥም ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ሽሮም ድርሻ አለው። ጥሬ ሥጋ ግን ከበሰለው የሚበልጥ ጡንቻ ሳይሰጥ የኮሶ ትል ሊመርቅ ይችላል።