የቦክስ ከረጢት ልምምድ ለአካል ብቃትና ክብደት ለመቀነስ

የቦክስ ከረጢት ልምምድ ከጣሪያ ወይም ከብረት ማቆሚያ ላይ የተንጠለጠለ ከባድ ከረጢት በጓንት እየመቱ የሚሠራ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው። መነሻው የቦክሰኞች ሥልጠና ቢሆንም፣ ዛሬ ወደ ውድድር መድረክ የመውጣት ሐሳብ የሌላቸው ብዙ ሰዎች ልባቸውንና ሳንባቸውን ለማጠንከር፣ ክብደታቸውንም ለመቀነስ ይሠሩታል። በጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ቡጢ ስለሌለበት የቦክስ ስፖርት ዋነኛ አደጋ በዚህ ልምምድ ውስጥ የለም።

ከረጢቱ ከቆዳ ወይም ከሰው ሠራሽ ቆዳ ይሰፋና በቁርጥራጭ ጨርቅ፣ አንዳንዴም አሸዋ ተጨምሮበት ይሞላል። አሸዋ የበዛበት ከረጢት ውሎ አድሮ መሙያው ወደ ታች ስለሚወርድ ከሥሩ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ እዚያ ላይ በኃይል መምታት እጅን ይጎዳል። በተለምዶ የሚመከረው የከረጢት ክብደት የሠሪውን ክብደት ግማሽ ያህል ነው።

ልምምዱ እንደ ውድድሩ በዙር ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው የኩዊንስቤሪ ደንብ (የዘመናዊ ቦክስ መሠረት የሆነው ሕግ) ያጸናው የ3 ደቂቃ ዙርና የ1 ደቂቃ ዕረፍት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ጀማሪ ግን ዙሩን ወደ 2 ደቂቃ ቢያሳጥረው ይሻለዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ክንድ ይወርዳል፣ የመምታት ስልቱም ይበላሻል። የልብ ምት በየዙሩ ከፍ ብሎ በየዕረፍቱ በከፊል መውረዱ ሩጫ ለሚሰለቸው ሰው አድካሚውን ሥራ የሚቻል ያደርግለታል።

መሠረታዊዎቹ ምቶች ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ምት)፣ ክሮስ (በኋለኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ምት)፣ ሁክ (ክንድን አጥፎ ከጎን የሚመታ) እና አፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚመታ) ናቸው። የምት ኃይል ከክንድ ይመጣል ብሎ ማሰብ የጀማሪዎች የተለመደ ስህተት ነው። ክሮስ ሲሰነዘር በመጀመሪያ የኋላው እግር ተረከዝ ከመሬት ይነሣል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፤ ጡጫው ከከረጢቱ ጋር በሚገናኝበት ቅጽበት ብቻ ጠበቅ ብሎ ወዲያው ወደ አገጭ ይመለሳል። ከረጢቱ ርቆ የሚወዛወዝ ከሆነ ሰውየው እየገፋው ነው፤ ባለበት ደንገጥ ብሎ አጭር ድምፅ ከሰጠ ግን ምቱ ትክክል ነው። እግር፣ ሆድና ጀርባ አብረው የሚሠሩት በዚህ አኳኋን ሲመታ ስለሆነ፣ ከፍጥነትና ከኃይል በፊት የመምታት ስልትን መማር ይቀድማል።

ክብደት መቀነስን በተመለከተ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራል። ከረጢት መምታት ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያወጣው ጉልበት 5.5 እጥፍ ያህል እንደሚጠይቅ ይገመታል፤ በዚህ ስሌት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግማሽ ሰዓት ወደ 190 ካሎሪ ያቃጥላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ አመጋገቡን ሳያስተካክል በልምምዱ ብቻ ይህን ለማጥፋት 40 ያህል የግማሽ ሰዓት ልምምዶች ያስፈልጉታል። ከልምምድ በኋላ በሚመጣው ረኃብ ተጨማሪ ምግብ ከበላም ያቃጠለውን በቀላሉ ይመልሰዋል። በመሆኑም ከረጢቱ የሚረዳው ልከኛ አመጋገብ አብሮት ሲኖር ነው፤ ለልብና ለሳንባ የሚሰጠው ጥቅም ግን ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም አይቀርም።

ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው እጅ ነው። የትንሿ ጣት የመዳፍ አጥንት አንገቱ ላይ ሲሰበር የቦክሰኛ ስብራት ይባላል፤ የሚያጋጥመውም ጡጫው በትንሿ ጣት በኩል ሲያርፍ ነው። ምቱ በጠቋሚና በመሃል ጣት አንጓዎች ማረፍ፣ የእጅ አንጓም ሳይታጠፍ ከክንድ ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ከጓንቱ በፊት 4.5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፋሻ በእጅ አንጓ፣ በመዳፍና በጣቶች መካከል ይጠመጠማል፤ ጣት እስኪደነዝዝ መጥበቅ ግን የለበትም። ለከረጢት የሚመረጠው ጓንት ከ12 እስከ 16 አውንስ (ከ340 እስከ 450 ግራም ያህል) የሚመዝነው ነው። የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም የትከሻ ጉዳት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት። ለሌላውም ቢሆን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እጅን እያሳረፉ መሥራት ለመጀመሪያዎቹ ወራት በቂ ነው።