ፉኩሺማን ያቀለጠው የመሬት መንቀጥቀጡ አይደለም

መስከረም 2018 ኢትዮጵያና ሩሲያ ሞስኮ ላይ ስለ ኒውክሌር ጣቢያ ከተፈራረሙ ወዲህ ጅማም ወሬው ሁሉ በ2003 አደጋ የደረሰበት የጃፓኑ የኒውክሌር ጣቢያ ፉኩሺማ ሆኗል። ፊዚክስ ስለማስተምር የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው።

«እንደ አቶሚክ ቦምብ ፈነዳ» ይላሉ። አልፈነዳም፣ ሊፈነዳም አይችልም። የእንዲህ ያለ ጣቢያ ዩራኒየም የሚበለጽገው (በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት ድርሻው ከፍ የሚደረገው) እስከ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ የቦምብ 90 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በቴሌቪዥን ያያችሁት የሃይድሮጅን ጋዝ ፍንዳታ ነው።

«ሃያ ሺህ ሰው በጨረር አለቀ።» ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ሱናሚው፣ መንቀጥቀጡ ያስነሳው የባሕር ማዕበል ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ይሄኛው ነው፦ «መንቀጥቀጡ ሰበረው፤ ቶሎ ቢያጠፉት ኖሮ ይተርፍ ነበር።» ሳይንስ የሚያስተምር ባልደረባዬ እንኳ በመምህራን ማረፊያ ክፍል በሙሉ ልብ ሲናገረው ሰምቻለሁ።

ጠፍቶ ነበር እኮ! መጋቢት 2 ቀን 2003 መሬት በ9.0 መጠን ስትናወጥ፣ እየሠሩ የነበሩት 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ሪአክተሮች (ዩራኒየም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚሰጥባቸው ክፍሎች) በሰከንዶች ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ከውጭ የሚመጣው መብራት ተቋረጠ፤ የዲዝል ጀነሬተሮቹ ተነሱ። እስከዚህ ሁሉም እንደታሰበው ነው።

ሪአክተር ሲጠፋ ግን ሙቀቱ አይጠፋም። ከተሰነጠቀው ዩራኒየም የተፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ፤ መጀመሪያ ላይ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ እንዳይመስላችሁ። የ2ኛው ሪአክተር ሙሉ የሙቀት ኃይል 2,380 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። 6 በመቶው ከ140 ሜጋ ዋት ይበልጣል። እዚህ አጠገባችን ያለው ግልገል ጊቤ አንድ በሙሉ አቅሙ የሚያመነጨው 184 ነው። ሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል፤ ቢሆንም ለብዙ ቀናት ያለማቋረጥ ውሃ ይፈልጋል። ለውሃው ፓምፕ፣ ለፓምፑ መብራት ያስፈልጋል።

ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ከ13 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማዕበል ደረሰ። ጣቢያው የተዘጋጀው ከ6 ሜትር ላነሰ ነበር። ጀነሬተሮቹና የመብራት ሳጥኖቹ በአብዛኛው ምድር ቤት ስለነበሩ ውሃ ዋጣቸው። ፓምፖቹ ቆሙ፤ የሪአክተሮቹ ውሃ ተንኖ አለቀ፣ የዩራኒየም ነዳጁ ቀለጠ፣ በኋላ የፈነዳው ሃይድሮጅንም ተፈጠረ።

ማስረጃ ለሚፈልግ፦ እዚያው ግቢ የ6ኛው ሪአክተር አንድ ጀነሬተር ከፍ ብሎ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ ስለነበር ተረፈ። መብራቱን ከ5ኛው ጋር ተጋሩ፤ ሁለቱም ዳኑ። ኦናጋዋ ደግሞ ለመንቀጥቀጡ መነሻ ከፉኩሺማ ይበልጥ የቀረበ ጣቢያ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተሠራ በሰላም ቆመ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ከ300 በላይ ጎረቤቶች እዚያው ተጠለሉ።

«ሰውን ቶሎ ማሸሽ ሁልጊዜ ያድናል» የሚሉም አሉ። ከፉኩሺማ ግዛት መፈናቀል ጋር በተያያዘ ከ2,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው። በሽተኛን ያለ ሐኪምና ያለ መድኃኒት በአውቶቡስ ማንከራተት ይገድላል። ሽሽት ዝግጅት ይጠይቃል።

ቡና ነጋዴ የሆኑት አጎቴ «የዚያ አገር ሩዝ እስከ ዛሬ መርዝ ነው» ይላሉ። ጋሼ፣ በ2000 ጃፓን ቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ሲወድቅ ንጹሑም ቡና አብሮ መታማቱን ረሱት? የፉኩሺማ ግዛት ሩዙን ለዓመታት በየከረጢቱ ስትመረምር ኖራለች፤ ገደቡ በኪሎ 100 ቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ነው። ነዋሪዎቿ ሸሽተው የነበሩት የጣቢያው ጎረቤት ፉታባ ከተማም በ2014 ነዋሪ መቀበል ጀምራለች። ሁሉም አልቋል ግን አልልም። የቀለጠው 880 ቶን ገደማ ፍርስራሽ አሁንም እዚያው ነው፤ ማጽዳቱ ገና አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

ለእኛ ሱናሚ አያሰጋንም፤ ስምጥ ሸለቆ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጎርፍም ድርቅም አለ። ስለ ጣቢያው ውይይት ከተጠራ «ይፈነዳል ወይ?» ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ። መጠባበቂያ ጀነሬተሩ የት ይቀመጣል? ነዳጁ ስንት ቀን ይበቃል? ወንዙ ሲጎድል የማቀዝቀዣው ውሃ ከየት ይመጣል? ችግር ሲታይ «አቁሙ» ለሚለው ተቆጣጣሪ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው?