ቁጠባ ስስት አይደለም፦ ስለ ምግብና ስለ ቤት ዕቃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቁጠባ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የባንክ ደብተር ነው። እኔ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ መሶቡና ስለ ብፌው ነው። እዚያ ብዙ እንሳሳታለን።

«ቆጣቢ ማለት ቋጣሪ ነው»

አይደለም። ቋጣሪ እጁ ለሰው አይፈታም። ቆጣቢ የተለፋበት ነገር ከንቱ ሲቀር ነው የሚከፋው። እናቴ ቤት አንድ ጋቢ ነበር። መጀመሪያ አባቴ ለበሰው። ሲሳሳ ተቆርጦ የእህቴ መታቀፊያ ሆነ። በመጨረሻ ቁራጩ የምጣድ ማሰሻ ሆኖ አለቀ። ከዚያው ቤት ሳይበላ የወጣ እንግዳ ግን አላስታውስም።

«ምግብ የሚባክነው ሆቴልና ሠርግ ቤት ነው»

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። 60 በመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያመኝ የእንጀራው ነው። ጤፉ ተነፍቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ ጭስ ዓይኗን እያቃጠላት የጋገረችው እንጀራ ጠርዙ ስለደረቀ ብቻ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ድርቆሽ ማድረግ እኮ ከባድ አይደለም። ገና ደህና ሳለ ቆራርሶ ሰፌድ ላይ ማስጣት ነው። ጠንካራ ፀሐይ ካለ ቶሎ ይደርቃል። ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ደርሷል። እርጥበት እንዳይነካው ከተቀመጠ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቁሌት በተሠራ ቀን ጣል ማድረግ ነው። ውጭ አገር ላለ ዘመድ በሻንጣ የምንልከውም ይሄንኑ ነው።

«ሻጋታውን ፍቆ መብላት ይቻላል»

አይቻልም። የምናየው የላዩን ብቻ ነው፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ እሳት ላይ ቢጣድም አይጠፋም። የሻገተ እንጀራ ይጣል። መቆጠብ ያለብን ሳይሻግት በፊት ነው።

«ጥሩ ዕቃ ለእንግዳ ይቀመጥ»

ስንት ብፌ ውስጥ ነው ወረቀቱ እንኳ ያልተላጠ ብርጭቆ ተደርድሮ ያለው? ቤተሰቡ ግን በላስቲክ ኩባያ ይጠጣል። ኩባያው ሲሰነጠቅ ሌላ ይገዛል። ዕቃ መውደድ ቆልፎ ማስቀመጥ ይመስለናል። እንደኔ ከሆነ በየቀኑ የሚታጠብ፣ ተጠንቅቀው የሚይዙት ብርጭቆ ነው የተከበረው። ደግሞስ ከልጆቻችን የሚበልጥ እንግዳ ማን አለ?

«ለቆራሌው ስለሰጠሁት አልባከነም»

ቆራሌው ባለውለታችን ነው። የሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ብረቱ ምድጃ ይሆናል። ግን ሶሉ ብቻ የተላቀቀ ጫማ መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ጋ ይሂድ። ሰፍቶ ይሰጣችኋል።

«የጨርቅ ቦርሳ ገዛሁ፣ አካባቢዬን ጠበቅኩ»

መግዛቱ ብቻ አይበቃም። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሰላው፣ የጥጥ ቦርሳ ለአየር ንብረት ከስስ ፌስታል የተሻለ የሚሆነው ቢያንስ 131 ጊዜ ሲያገለግል ነው። ጥጡን ማብቀልና መፈተል ብዙ ውኃና ጉልበት ይበላል። በየሱቁ አዲስ ከመግዛት በፊት ከበሩ ኋላ እንይ። የእናቴ ዘንቢል እስከ ዛሬ እዚያው ተሰቅሏል፤ ጆሮው ሁለቴ ተሰፍቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ገበያ ይወጣል።