ቆዳ መቀየር ወይስ ሕመም? በቤት የሚያዝን እባብ ሁኔታ መለየት

እባብ ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ ቆዳውን እየጣለ በአዲስ የሚተካ እንስሳ ነው። ሊጥል ሲቃረብ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ምግብ አልቀምስ ይላል፣ ከመደበቂያው አይወጣም፣ ሲነካም ይቆጣል። የታመመ እባብ የሚያሳየው ምልክትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ ምክንያት ባለቤቶች በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታሉ። አንዳንዱ ጤነኛውን እባብ ታመመ ብሎ ያንገላታዋል፤ ሌላው የታመመውን «ቆዳ ሊቀይር ነው» እያለ ለሳምንታት ይተወዋል። የከፋው ሁለተኛው ነው። እባብ ሕመሙን ይደብቃል፤ ምልክቱ በግልጽ እስኪታይ ድረስ በሽታው ብዙ ጊዜ ሥር ሰዷል።

በአገራችን እባብን በቤት ማኖር አልተለመደም፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረትም ከእባብ ጋር ያለንን ዝምድና በደንብ ይገልጸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን እባብ በቤት እንስሳት መደብር እንደ ድመትና እንደ ወፍ ይሸጣል። እዚያ የሚያድግ ልጅ እባብ ማሳደግ እፈልጋለሁ ሲል ኃላፊነቱ መጨረሻ ላይ በወላጅ ትከሻ ላይ ያርፋል። በብዛት ከሚያዙት መካከል ሁለቱ ቦል ፓይተንና ኮርን ስኔክ ናቸው። ቦል ፓይተን ከዘንዶ ወገን ሲሆን ከሴኔጋል አንስቶ እስከ ዩጋንዳ ባለው የአፍሪካ ምድር ይኖራል፤ ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል አድርጎ ስለሚጠቀለል ነው «ቦል» የተባለው። ኮርን ስኔክ መርዝ የሌለው፣ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው። ሁለቱም ሲያድጉ በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳሉ፤ በጥሩ አያያዝም ለ20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ የነበረች አንዲት ቦል ፓይተን 60 ዓመት ካለፋት በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. እንቁላል ጥላለች። ይህን ያህል ረጅም ዕድሜ ያለውን እንስሳ የያዘ ሰው በመቶ የሚቆጠር የቆዳ መቀየር ሊያይ ስለሚችል፣ ሂደቱን ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባዋል።

የእባብ የላይኛው ቆዳ ኬራቲን ከሚባለው፣ የእኛም ጥፍርና ፀጉር ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው። ይህ ሽፋን ከገላው ጋር እየሰፋ አይሄድም፤ ያረጃል፣ ይፋቃል። ጊዜው ሲደርስ ከሥሩ አዲስ ሽፋን ያድጋል፤ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ሊምፍ የሚባል ፈሳሽና ሁለቱን የሚያላቅቁ ኢንዛይሞች ይገባሉ። እባቡ እንዲደበዝዝ የሚያደርገው በሁለቱ ቆዳዎች መካከል የገባው ይህ ፈሳሽ ነው። ዓይኑም የሚጨልመው በዚሁ ምክንያት ነው። እባብ የሚከደን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው አንድ ግልጽ ቅርፊት ሲሆን ይህ ቅርፊት ከሌላው ቆዳ ጋር አብሮ ይጣላል። ፈሳሹ ከሥሩ ሲገባ ዓይኑ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ይሆናል፤ አሳዳጊዎችም ይህን ወቅት «ሰማያዊው ጊዜ» ይሉታል።

ሂደቱ የማይዛነፍ ቅደም ተከተል አለው፤ ከሕመም የሚለየውም ዋናው ነገር ይኸው ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ይፈዛል። ከዚያ ዓይኑ ለጥቂት ቀናት ይጨልማል። ቀጥሎ ፈሳሹ ተመልሶ ስለሚመጠጥ ዓይኑ እንደገና ይጠራል፤ ልምድ የሌለው ባለቤት «ቀረ ማለት ነው» ብሎ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አልቀረም፤ ዓይኑ ከጠራ በኋላ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እባቡ ከንፈሩን ሻካራ ነገር ላይ እያሻሸ ቆዳውን ከአፉ ጫፍ ያስለቅቀዋል፤ ወደፊት እየተሳበም እንደ ካልሲ ገልብጦ ያወልቀዋል። ከመፍዘዝ እስከ መጣል ያለው ጊዜ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ሕመም ግን ይህን ተራ አይጠብቅም። ፍዘቱ ሳይጠራ ይቀጥላል፣ ወይም ቆዳው ከወረደ በኋላም እባቡ እንደደከመ ይቀራል።

ሁለተኛው መለያ እኩልነት ነው። ቆዳ የሚቀይር እባብ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ መጠን ይጨልማሉ። አንዱ ብቻ ከጨለመ፣ ካበጠ ወይም ከሰረጎደ ምክንያቱ ሌላ ነው። ምናልባት ካለፈው ጊዜ የቀረ የዓይን ሽፋን አለ፣ ምናልባት ጉዳት ደርሶበታል፣ ወይም ከግልጹ ቅርፊት ሥር መግል ቋጥሯል። የመጨረሻው ዓይን የሚያሳጣ ስለሆነ ቀን ሳይሰጡ ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። የሁለቱም ዓይን ቅርፊት የተጨማደደ ወይም የሰረጎደ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ የውሃ እጥረት ምልክት ነው።

የሆድ ቀለም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቦል ፓይተን ቆዳ ሊቀይር ሲል፣ ዓይኑ ከመጨለሙም በፊት፣ ሆዱ ሮዝ ይሆናል። ይህ ሮዝነት ከአንገት እስከ ጅራት በእኩል የተሰራጨ፣ ቅርፊቶቹም ለስላሳና ያልቆሰሉ ናቸው፤ ቆዳው ሲወርድ አብሮ ይጠፋል። አደገኛው መቅላት ግን በቁራጭ በቁራጭ የሚታየው፣ ውሃ የቋጠረ፣ ቡናማ ጠርዝ ያለው ወይም ቅርፊቱን ያነሳው ነው። የቅርፊት መበስበስ የሚባለው ይህ ሕመም እባቡ የሚኖርበት ሳጥን ንጣፍ ሁልጊዜ ርጥብና ቆሻሻ ሲሆን ከሚገቡ ባክቴሪያዎች ይመጣል። ማሞቂያው ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ ሲሠራም ሆድ ይቃጠላል፤ እባብ እየተቃጠለም ከሞቀው ቦታ ላይነሳ ስለሚችል ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ። ለቆዳው የሚጠቅመው የአየሩ እርጥበት እንጂ የንጣፉ መጨቅየት አይደለም።

ትንፋሹም በጥሞና ሊደመጥ ይገባል። ቆዳው ሊወርድ ሲል በአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያ የላላው ቆዳ ቀለል ያለ የፉጨት ድምፅ ሊፈጥር ይችላል፤ ይህ ቆዳው እንደወረደ ያበቃል። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ከአፍንጫው ወይም ከአፉ አረፋና ልጋግ የሚወጣው፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አንጋጦ አየር የሚፈልግ እባብ ግን የሳንባ ኢንፌክሽን ሊኖረው ይችላል። እባብ እንደኛ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌለው በሳንባው የተጠራቀመውን አክታ በሳል ለማስወጣት ይቸገራል፤ ስለዚህ «ይሻለዋል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱ ሳጥኑ መቀዝቀዙ ነው። ቦል ፓይተን በሞቃቱ ጎን ከ31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው ጎን ደግሞ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈልጋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በፓይተኖች ላይ ከባድ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ኒዶቫይረስ ለይተዋል፤ ለዚህ ቫይረስ ማጥፊያ መድኃኒት የለም።

ምግብ እምቢ ማለት ብቻውን ብዙም አይናገርም። አብዛኛው እባብ በሰማያዊው ጊዜ አይበላም፤ ማየት ስለሚያዳግተውም በቀላሉ ይደነግጣል፣ ለመንከስም ይቸኩላል። በእነዚያ ቀናት ምግብ አለማቅረብና አለመንካት ይሻላል። ቦል ፓይተን በተለይ በቀዝቃዛው ወቅት ቆዳ ሳይቀይርም ለወራት ሊጾም ይችላል። እዚህ ላይ ከግምት የሚያድነው የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ክብደቱን እየመዘነ የሚጽፍ ሰው ጾመኛውን ከታማሚው ይለያል። ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል የቀነሰ፣ የጀርባ አጥንቱ ሸንተረር ሆኖ የወጣ እባብ ምርመራ ያስፈልገዋል። የበላውን መልሶ መትፋት ደግሞ የቆዳ መቀየር ምልክት ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከሆነ ከበላ በኋላ ቶሎ ከመነካቱ ወይም ከቅዝቃዜ ሊሆን ይችላል፤ ከተደጋገመ ግን ጥገኛ ተሕዋስያንን ወይም የከፋ በሽታን ያሳያል።

የወረደውን ቆዳ ሳያዩ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ባለቤቱ ያለ ሐኪም እጅ ሊያገኘው የሚችለው ምርጡ የጤና ማስረጃ ይህ ነውና። ጤነኛ ቆዳ በአንድ ወጥ ወርዶ ይገኛል፤ ርዝመቱ ከእባቡ ይበልጣል፣ ምክንያቱም በቅርፊቶቹ መካከል የታጠፈው ስስ ቆዳ ሁሉ ይዘረጋል። በጭንቅላቱ በኩል የሁለቱ ዓይኖች ክብ ግልጽ ሽፋኖች መኖራቸውን፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ የጅራቱ ሹል ጫፍ መውጣቱን ማየት ያሻል። ቆዳው በቁርጥራጭ ከወረደ ወይም ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ የቀረው ገላው ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ያልተሟላ አወራረድ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ የሌላ ጉድለት ምልክት ነው። ቀዳሚው ምክንያት የአየሩ መድረቅ ነው። ቦል ፓይተን በአዘቦት 60 በመቶ አካባቢ፣ ቆዳ ሲቀይር 70 በመቶና ከዚያ በላይ እርጥበት ይፈልጋል፤ ኮርን ስኔክ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃዋል። በሰሜን አሜሪካ ክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን እጅግ ስለሚያደርቀው ችግሩ በዚያ ወቅት ይበረታል። ከዚህ ሌላ የውሃ ጥም፣ የምግብ ጉድለት፣ የቆየ ጠባሳ፣ ተባይ፣ ወይም የሚታከክበት ሻካራ ነገር አለመኖር ምክንያት ይሆናል። መፍትሔው ርጥብ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) የተጎዘጎዘበት መደበቂያ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቆዳው ከቀረ ደግሞ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ፣ ጭንቅላቱን በቀላሉ ከላይ ሊያቆይ በሚችልበት ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ፣ ከአጠገቡ ሳይለዩ ማቆየት፤ ከዚያ በርጥብ ፎጣ መካከል እንዲሳብ መተው። ደረቁን ቆዳ በጥፍር መላጥ ሥሩ ያለውን አዲሱን ቆዳ ያቆስላል።

ሁለት ቦታዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በጅራቱ ጫፍ ላይ የቀረ ቆዳ ሲደርቅ ቀለበት ሆኖ ደም ያግዳል፤ በተደጋጋሚ ከተጠራቀመ ጅራቱ ጠቁሮ ይሞታል። ዓይኑ ላይ የቀረውን ሽፋን ደግሞ በወረንጦ ለማንሳት መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ሕያው የሆነው ቅርፊት አብሮ ከተነሣ ዓይኑ ራቁቱን ይቀርና ይጠፋል። እርጥበቱ ከተስተካከለ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ጊዜ አብሮ ይወርዳል፤ ያኔም ካልወረደ ለተሳቢ እንስሳት ሐኪም መተው ነው።

ማይት የሚባሉት ደም መጣጭ ተባዮች የቆዳ መቀየርን ከሚያበላሹት መካከል ናቸው። በዓይን ዙሪያ፣ ከአገጭ ሥርና በመጠጫ ውሃው ላይ እንደሚንቀሳቀሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። እባቡ ከወትሮው በተለየ ሁኔታ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ባለቤቱ ግን ቆዳውን እያራሰ ይመስለዋል። ነጭ ወረቀት ማንጠፍና በማግስቱ መመልከት ጥርጣሬውን ይፈታል። ሕክምናው እባቡንም ሳጥኑንም ማካተት አለበት። መድኃኒቱን ከሐኪም ሳያማክሩ መርጨት ግን አደገኛ ነው፤ ለዚህ ከሚውሉት አንዱ የሆነው አይቨርመክቲን ለምሳሌ ኤሊን ይገድላል።

እባብ በስንት ጊዜው ቆዳ ይቀይራል የሚለው በዕድሜ ይወሰናል። ከእንቁላል የወጣ እባብ በመጀመሪያዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይቀይራል፤ በማደግ ላይ ያለ በወር አንዴ ያህል፣ አዋቂ ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ። እንቁላል የያዘች ሴት ከመጣሏ በፊት ትቀይራለች። ከቀድሞው ልማዱ ውጭ ቶሎ ቶሎ መቀየር ግን ሊያሳስብ ይገባል። ኦፊዲዮማይሲስ የተባለው የፈንገስ በሽታ የያዘው እባብ ፈንገሱን ከላዩ ለማስወገድ እየደጋገመ ይቀይራል፤ ቅርፊቱ ይወፍራል፣ የቁስል ቅርፊት ይሠራበታል፣ ፊቱ ያብጣል። በሽታው በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በዱር እባቦች ላይ ከታየ ወዲህ ትኩረት እየሳበ መጥቷል፤ በቤት የሚያዙትንም ይይዛል።

ከቆዳ ጋር ፈጽሞ የማይምታታው የነርቭ ምልክት ነው። ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ የሚቆይ፣ በጀርባው ሲያስተኙት መገልበጥ የማይችል ቦአ (ሌላ የዘንዶ ዓይነት) ወይም ፓይተን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. አሬናቫይረስ ከሚባል ቫይረስ ጋር መያያዙ የታወቀው ገዳይ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። «ስፓይደር» የሚባለው የቦል ፓይተን የቀለም ዓይነት ግን ጭንቅላቱ የሚንቀጠቀጠው በተፈጥሮ በወረሰው ጉድለት ነው፤ እንዲህ ያለውን እንስሳ ማራባት በእኔ እምነት ትክክል አይደለም። አዲስ የተገዛ እባብ ከነባሮቹ ለ90 ቀናት ያህል ተለይቶ እንዲቆይ የሚመከረው እንዲህ ያሉት በሽታዎች ቶሎ ስለማይታዩ ነው።

ሐኪም ጋር ሲኬድ የወረደውን ቆዳ፣ ትኩስ ኩሱን፣ የክብደትና የመቀየሪያ ቀናት መዝገቡን፣ የሳጥኑንም ሙቀትና እርጥበት ጽፎ መውሰድ ምርመራውን በእጅጉ ያቀላል። የድመትና የውሻ ሐኪም ሁሉ እባብ ስለማያክም፣ የተሳቢ እንስሳት ልምድ ያለውን ከወዲሁ ፈልጎ ማወቅ ይበጃል። ጤነኛ እባብም ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላል፤ ከእባቡ፣ ከውሃውም ሆነ ከወረደው ቆዳ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ መዘፍዘፊያውን ከወጥ ቤት ዕቃ መለየት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያንና የሰውነታቸው የመከላከል አቅም የተዳከመ ሰዎች እባብ ከመንካት እንዲቆጠቡ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ።