የአዲሱ ፒካፕ ቁልፎች፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

የድሮው ሃይሉክስ ላይ ፎር ዊል ማስገባት፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ እንዲነዳ ማድረግ፣ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። መኪናውን ታቆማላችሁ። ጭቃው ውስጥ ትወርዳላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ የሁለቱን የፊት ጎማዎች መሃል በእጅ ታዞራላችሁ። ከዚያ ተመልሳችሁ ወለሉ ላይ ያለችውን አጭር ማንሻ ትጎትታላችሁ። ይህን ሁሉ የለፋ ሰው ፎር ዊል ላይ መሆኑን አይረሳም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሃይሉክስ ላይ ያ ሁሉ ልፋት በአንዲት የምትዞር ቁልፍ ተተክቷል። በሁለት ጣት ትዞራለች፣ ክሩስኮቱ ላይ መብራት ይበራል፣ አለቀ። ጋቢናውም እንደ ቤት መኪና ሆኗል። ስክሪን አለው፣ የኋላ ካሜራ አለው፣ መሪው ላይ ሳይቀር ቁልፎች ተደርድረዋል። ከሥር ግን ያው ፒካፕ ነው። ሻንሲ፣ ባሌስትራ፣ ባዶ ሲሆን የሚቀል ጅራት። ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ጋቢናው ስለተመቸን መኪናውም ሌላ የሆነ ይመስለናል።

ለመስክ ሥራ ብዙ መንገድ በፒካፕ ሄጃለሁ። ከሾፌሮች፣ ከሥራ ባልደረቦች፣ ጋራዥ ውስጥም ደጋግሜ የሰማኋቸውን ነው እዚህ የማነሳው። በይበልጥ የማውቀው ሃይሉክስን ስለሆነ አብዛኛው ምሳሌ የእሱ ነው።

«ፎር ዊል ከገባ መኪናው አስፋልት ላይም የበለጠ ይይዛል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ለመኪናውም የሚከብደው ይህ ነው።

ቁልፉ ኤች2 ላይ ሲሆን ሞተሩ የሚነዳው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ወደ ኤች4 ስታዞሩት ወደ ፊት የሚሄደውና ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ እርስ በርስ ይቆለፋሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኩል ከመዞር ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ቀጥ ባለ መንገድ ችግር የለም። ጣጣው መታጠፊያ ላይ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ሰፋ ያለ ክብ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ጠበብ ያለ። ረጅም መንገድ የሄደው ጎማ ብዙ መዞር ይፈልጋል፤ ዘንጎቹ ግን ተቆልፈዋል። ጭቃ፣ አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማን አጥብቆ ይይዛል፣ አያንሸራትትም። ስለዚህ ውጥረቱ ዘንጉና ጥርሶቹ ላይ ይከማቻል። መሪው ይከብዳል። መኪናው ፍሬን የተያዘ ይመስል ይጎተታል።

አንድ ጊዜ ከመስክ ተመልሰን አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ስንዞር መኪናው ከሥር ይንቋቋ ጀመር። ሾፌራችን ካምቢዮው የተሰበረ መስሎት ደነገጠ። ነገሩ ቁልፉ ኤች4 ላይ መረሳቱ ነበር። ወደ ኤች2 መለሰው፤ መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ፣ ድንጋጤውም አብሮ። ይህም ጤነኛ ነው። ተወጥረው የነበሩት ጥርሶች ገና አልተላቀቁም ማለት ነው። ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። እኛም ትንሽ ወደ ኋላ ሄድን፣ መብራቱ ጠፋ።

ሁሉም ፒካፕ ግን እንዲህ አይደለም። ሱፐር ሴሌክት የሚባለው ሥርዓት ያለው ሚትሱቢሺ ኤል200 መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል (ሁለቱ ዘንጎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የጥርስ ክፍል) ስላለው፣ መሃሉን ሳትቆልፉ አስፋልት ላይም በአራቱም ጎማ መንዳት ይቻላል። አንዳንዶቹ ፎርድ ኤፍ-150ዎችም 4ኤ የሚል ምርጫ አላቸው፤ መኪናው ራሱ ሲፈልግ ያስገባል፣ ሲፈልግ ያወጣል። ቁልፎቹ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የጓደኛችሁ መኪና ላይ የሠራውን ወስዳችሁ የእናንተ ላይ አትሞክሩት።

ሌላም አለ። ፎር ዊል ለማቆም አይረዳም። ፍሬን ስትይዙ ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማ ነው፣ ፎር ዊል ገባም አልገባም። የሚረዳው ለመነሳትና ለመሄድ ነው። አደጋውም እዚህ ጋ ነው። የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ያለችግር ትፈጥናላችሁ፤ መቆሙ ግን ያው እንደ ሌላው መኪና ነው።

«ኤል4 የጭቃ ማርሽ ነው»

ኤል4 የማርሹን ጉልበት ሃይሉክስ ላይ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ያበዛል፣ ፍጥነቱን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለቀጥ ያለ ዳገት፣ ለድንጋያማ መንገድ፣ የተያዘ መኪና ለመጎተት ነው የተሠራው። ጭቃ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጎማው ሳይቆም መሄድን ነው። ለዚያ ኤች4 ይሻላል። ኤል4 ለማስገባት መኪናው መቆም፣ ማርሹም ዜሮ ላይ መሆን አለበት። እየሄዳችሁ አታዙሩት።

አጠገቡ ያለው የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያም፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድደው፣ እንዲሁ ነው። የሚገባው አንድ ጎማ አየር ላይ ሲሽከረከር፣ ሌላው ዝም ሲል ነው። ስትወጡ ወዲያው አጥፉት። ተቆልፎ እያለ መኪናው መታጠፍ ይጠላል፣ በብዙ ፒካፖች ላይም ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና መረጋጊያው (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው) አይሠሩም።

«የሚንሸራተተው መኪና መብራት ከበራ መኪናው ተበላሽቷል»

ከኋላው የተጠማዘዘ መስመር ያለበት የመኪና ምስል ነው። መንገድ ላይ እያላችሁ ብልጭ ብልጭ ካለ መረጋጊያው በዚያች ቅጽበት እየሠራ ነው ማለት ነው። የሚንሸራተተውን ጎማ ለይቶ ፍሬን እየያዘ፣ ሞተሩንም እያለዘበ ነው። የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ቀስ በሉ። ብልጭ ሳይል በርቶ ከቀረ ግን ወይ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶታል፣ ወይ ጋራዥ መሄድ አለበት።

አሜሪካ ይህንን ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጋለች። ፒካፕ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይፈልገዋል። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ባዶ ሲሆን የኋላው ቀላል ነው። ዝናብ ላይ መታጠፊያ ውስጥ ጅራቱ ሲከዳ መጀመሪያ የሚደርስላችሁ እሱ ነው።

ታዲያ ማጥፊያው ለምን ተሠራ? ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ስትያዙ ሥርዓቱ ጎማው እንዳይሽከረከር ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ሞተሩ ዝም ይላል። ያኔ ለጊዜው አጥፍታችሁ ውጡ። ቶዮታ ላይ አንዴ መጫን የጎማ መሽከርከር መቆጣጠሪያውን ብቻ ያጠፋል፤ ቆማችሁ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከያዛችሁት መረጋጊያውም አብሮ ይጠፋል። ልዩነቱን እወቁት።

«ፓወር ሲጫን የፈረስ ጉልበት ይጨምራል፣ ኢኮ ሲጫን ይቀንሳል»

የሞተሩ አቅም አይቀየርም። የሚቀየረው እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ ስትጫኑ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ፓወር ላይ ትንሽ ነካ ስታደርጉት ብዙ ይሰጣል። ኢኮ ላይ ይለዝባል፣ ኤሲውንም ቆጠብ ያደርጋል። እስከ ታች ከረገጣችሁት ሁለቱም ላይ ያለው ጉልበት ያው ነው።

«ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል»

ይህን ስሰማ በእውነት እፈራለሁ።

ከጎሃ ጽዮን ተነስታችሁ አባይ በረሃን ስትወርዱ አስቡት። ድልድዩ ጋ እስክትደርሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። እስከ ደጀን ድረስ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መታጠፊያው ብዙ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ እዚያ ለሄደ ሁሉ የታወቀ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ የመኪናውን ሙሉ ክብደት ለፍሬን ብቻ መተው ነው። ፍሬን ሲግል አቅሙ ይደክማል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም ትክክል አይደለም። አዲሶቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግራችሁን ስታነሱ ነዳጅ መርጨት ያቆማሉ። ሞተሩን የሚያዞረው የጎማው መሽከርከር ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ቆጠብኩ ያለው ሰው ነዳጅም ፍሬንም እያወጣ ነው።

«አውቶማቲክ ስለሆነ በማርሽ መያዝ አይችልም» የሚሉም አሉ። ይችላል። ማንሻውን ከዲ ወደ ኤስ አምጡት፣ ከዚያ ወደ ሦስት ወይም ወደ ሁለት ቀንሱ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አትደንግጡ፣ መኪናውን እየያዘላችሁ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ምስል ያለበትን ቁልፍ ተጭነው በእሱ ይተማመናሉ። ያ ቁልፍ የተሠራው በጣም ዝግ ብሎ ለሚወረድ ሸካራ ቁልቁለት ነው። የሚሠራውም ራሱ ፍሬን እየያዘ ነው። ረጅም የአስፋልት ቁልቁለት ላይ የማርሽን ቦታ አይተካም።

«ኤሲ ለሙቀት ብቻ ነው»

አዲስ አበባ ክረምት ላይ አራት ሰው ጋቢና ውስጥ ተሳፍሮ መስታወቱ ሲሸፈን፣ ሾፌሩ በጨርቅ ሲጠርግ አይቼ አላውቅም የሚል የለም። ጨርቁ አያስፈልግም። ኤሲ አየሩን ሲያቀዝቅዝ ያደርቀዋልም። ኤሲ ሲሠራ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ከዚያ የወጣ እርጥበት ነው እንጂ ራዲያተር አልፈሰሰም። የሙቀቱን ቁልፍ ወደ ሙቅ አድርጉ፣ ኤሲውን አብሩ፣ አየሩን ወደ ፊት መስታወት ላኩ፣ ከውጭ የሚያስገባውን ክፈቱ። በጥቂት ደቂቃ ይጠራል።

የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረው ቁልፍ ለአቧራማ መንገድ ጥሩ ነው። ረስቶ ተዘግቶ መሄድ ግን መስታወቱን ይሸፍናል፣ ሰውንም ያፍናል፣ ያስተኛል። ከመስክ ስትመለሱ ደግሞ ከጓንት መያዣው ኋላ ያለውን የአየር ማጣሪያ አውጥታችሁ እዩት። «ኤሲው ደክሟል» የተባለ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ የታጨቀው አቧራ ነው።

«ሶኬት ካለው ማንኛውም ነገር ይሰካል»

አሜሪካ ያለ ዘመድ ፎርድ ኤፍ-150 ላይ የኤሌክትሪክ መጋዝ ሰክቶ ሲሠራ በቪዲዮ ያየ ሰው፣ የራሱም ፒካፕ ይህን የሚችል ይመስለዋል። ያ ኤፍ-150 ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ2021 ሃይብሪዱ (በነዳጅም በባትሪም የሚሠራው) እስከ 7.2 ኪሎ ዋት ድረስ ማውጣት ይችላል። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ቴክሳስ በብርድ መብራት ሲጠፋባት ሰዎች ቤታቸውን ከመኪናቸው አብርተዋል። እኛ ጋ ያለው የ12 ቮልት ሶኬት ግን በተለምዶ 120 ዋት ነው። ስልክ ይሞላል። የውኃ ማፍያ ከአንድ ሺህ ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ፊውዙን ያቃጥላል።

«ኤርባግ ካለ ቀበቶ አያስፈልግም»

የቀበቶው ጩኸት ሲሰለች ቀበቶውን ከጀርባ አሳልፎ መቆለፍ የተለመደ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉ። መሪው ላይ ያሉት ኤስ አር ኤስ የሚሉት ፊደላት ራሳቸው ኤርባጉ ተጨማሪ መከላከያ መሆኑን ነው የሚናገሩት። ተጨማሪ የሆነው ለቀበቶው ነው። ኤርባግ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በኃይል ይፈነዳል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ወደ ፊት ተወርውሮ ገና እየተነፋ ካለው ኤርባግ ጋር ይጋጫል።

አዲስ መኪና ሲገዛ ላስቲኩን አለማንሳት፣ ወፍራም የመቀመጫ ልብስ ማልበስ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ምንጣፍ መሰል ነገር መለጠፍም እንዲሁ ነው። የሚደረገው ለመኪናው በማሰብ ነው፣ ይገባኛል። ብዙ ብር የወጣበት ንብረት ነው። ግን የተሳፋሪው ኤርባግ የሚወጣው ከዳሽቦርዱ ውስጥ ነው፣ የጎኑ ደግሞ ከመቀመጫው ጎን። መንገዱ ከተዘጋ በትክክል አይከፈትም። በበሩ በኩል ያለውን የመቀመጫችሁን ጎን በእጃችሁ ዳብሱት። «ኤርባግ» የሚል ትንሽ ምልክት ካገኛችሁ፣ የመቀመጫ ልብሱ እዚያ ላይ መሸፈን የለበትም።