ቴድ ላይ ስለተነገረ ብቻ እውነት ነው? ስለ ቴድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቀይ ክብ ምንጣፍ፣ ከኋላ ትልልቅ ቀይ ፊደላት፣ ጉንጩ ላይ ቀጭን ማይክ ያደረገ አንድ ተናጋሪ። የቴድን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ምስሉን ያውቀዋል። ቴድ ጉባኤ እያዘጋጀ አጫጭር ንግግሮችን ለዓለም የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ንግግሮቹን ለዓመታት ሰምቻለሁ፣ ብዙም ተምሬባቸዋለሁ። ስለምወዳቸው ነው ስለ ድርጅቱ የሚወራው የተሳሳተ ነገር የሚከነክነኝ። አንዳንዱ ስህተት ምንም አይጎዳም። አንዳንዱ ግን የሰው ገንዘብ ያስበላል፣ ያልተረጋገጠ ነገርም እንደ እውነት ያስወስዳል።

ከቀላሉ ልጀምር።

«ቴድ የመሥራቹ ስም ነው»

አይደለም። ቴክኖሎጂ፣ ኢንተርቴይንመንት እና ዲዛይን የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። ሪቻርድ ሶል ወርማን የተባለ አርክቴክት ከሃሪ ማርክስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ፣ ሞንቴሬይ ውስጥ ጀመረው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዚያ ጉባኤ ሲዲ ገና እንደ ብርቅ ዕቃ ታይቷል፣ የሂሳብ ሊቁ ቤንዋ ማንደልብሮትም ስለ ፍራክታል (ቢያጎሉትም ቢያሳንሱትም ራሱን እየደገመ ስለሚታይ ቅርጽ) ተናግሯል። እንዲህም ሆኖ ጉባኤው ኪሳራ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው የተካሄደው ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1990 ነው።

«ቴድኤክስ ላይ ተናገረ ማለት ቴድ ላይ ተናገረ ማለት ነው»

በብዛት የምሰማው ስህተት ይሄ ነው። ቴድ ራሱ የሚያዘጋጀው ዋናው ጉባኤ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ከ2014 ጀምሮም ለዓመታት በካናዳዋ ቫንኩቨር ተካሂዷል። እዚያ የሚናገሩትን የሚመርጡት የድርጅቱ ሰዎች ናቸው፣ ንግግሩ እስኪበስል ድረስም አብረዋቸው ይሠራሉ። ቴድኤክስ ግን በ2009 የተጀመረ ሌላ ፕሮግራም ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤክስ» የገባችው ዝግጅቱ ከድርጅቱ ውጪ ባሉ ሰዎች የተሰናዳ መሆኑን ለማሳየት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሁኑ ወይም የአንድ ከተማ ነዋሪዎች፣ በጎ ፈቃደኞች ያመለክታሉ፣ ፈቃዱን ያለ ክፍያ ያገኛሉ፣ ከዚያ አዳራሹን መፈለግ፣ ተናጋሪ መምረጥ፣ ቪዲዮ መቅረጽ ሁሉ የእነሱ ሥራ ነው። ቴድ ደንብ ያወጣል። ለምሳሌ አዘጋጁ ቴድ ራሱ ከሚያዘጋጃቸው ጉባኤዎች አንዱን ተካፍሎ የማያውቅ ከሆነ ከ100 በላይ ታዳሚ መጥራት አይችልም፤ የፖለቲካ፣ የሃይማኖትና የንግድ ቅስቀሳም አይፈቀድም። ንግግሮቹን ግን ቁጭ ብሎ ቀድሞ አያይም።

ይህን ስል ቴድኤክስን እያጣጣልኩ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ብሬኔ ብራውን ዝነኛ የሆነችበትን ንግግር ያደረገችው በ2010 ሂዩስተን ላይ በቴድኤክስ መድረክ ነው። ደራሲው ሳይመን ሲኔክም እንደዚያው፣ በ2009። ብቻ ልዩነቱን እንወቅ። ለመለየትም አስቸጋሪ አይደለም፤ የቪዲዮውን ርዕስ እዩ፣ «ቴድ» ከሚለው ቀጥሎ ኤክስ እና የቦታ ስም ካለ ቴድኤክስ ነው።

«ተናጋሪዎቹ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፈላቸዋል» ወይም በተቃራኒው «ከከፈልክ መድረኩ ይገኛል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቴድ ለተናጋሪ የጉዞና የሆቴል ወጪ ይሸፍናል እንጂ ለንግግሩ አይከፍልም። ቴድኤክስም አይከፍልም። ከተናጋሪ ገንዘብ መቀበል ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው።

ይህቺን ሁለተኛዋን አስረግጬ የምጽፈው በምክንያት ነው። አንዲት ጓደኛዬ «ተመርጠሻል፣ ቦታሽን ለማረጋገጥ የምዝገባ ክፍያ ላኪ» የሚል ኢሜይል ደረሳት። ደስታዋን ብታዩ! ፎቶዋን መርጣ፣ ስለ ራሷ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅታ «እስቲ እየው» ብላ ላከችልኝ። ኢሜይሉን ሳነበው ሁሉም ነገር ያምራል፣ አርማው፣ ቀኑ፣ የአዳራሹ ስም። የቴድ ድረ ገጽ ላይ ፈቃድ ያገኙ የቴድኤክስ ዝግጅቶች ዝርዝር አለና ገብተን ፈለግነው። የለም። በሌላ አጻጻፍ ሞከርን። አሁንም የለም። ገንዘቡ ተረፈ፣ እሷ ግን ለቀናት ፊቷ ጠቁሮ ነበር የከረመው። እንዲህ ዓይነት መልእክት ከደረሳችሁ ከምንም በፊት ዝርዝሩን እዩ። ዝርዝሩ ላይ ቢገኝም እንኳ ክፍያ የሚለው ቃል ከመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

«ቴድ ላይ ስለቀረበ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ክርክር ውስጥ «ቴድ ላይ ሰምቼዋለሁ» ብሎ አፍ የሚያስይዝ ሰው ስንቱ ነው።

በ2012 ቴድ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ላይ ባዘጋጀው ጉባኤ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ከዲ ስለ አቋቋም ተናገረች። ለሁለት ደቂቃ ደረትን ነፍቶ፣ እጅን ወገብ ላይ አድርጎ መቆም በራስ መተማመንን ይጨምራል፣ የሆርሞን መጠንንም ይለውጣል የሚል ነበር። በጣም ብዙ ሕዝብ ካያቸው የቴድ ንግግሮች አንዱ ሆነ። ሰዎች ሥራ ለመወዳደር ሲሄዱ መጸዳጃ ቤት ገብተው እንደዚያ ይቆሙ ጀመር። ችግሩ፣ ከጀርባው የነበረው ጥናት የተሠራው በ42 ሰዎች ላይ ነው። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች 200 ሰዎች ይዘው ሲደግሙት ሰዎቹ ጠንካራ እንደሆኑ ተሰምቷቸዋል፤ የሆርሞኑ ለውጥ ግን አልተገኘም። በ2016 ከጥናቱ ደራሲዎች አንዷ የነበረችው ዳና ካርኒ ራሷ «ውጤቱ እውነት ነው ብዬ አላምንም» ብላ በይፋ ጻፈች። ቴድም ንግግሩን ከድረ ገጹ አላወረደውም፤ በግኝቶቹ ላይ በተመራማሪዎች መካከል ክርክር መኖሩን የሚገልጽ ማስታወሻ ገጹ ላይ ጨመረበት።

ከዲ ዋሽታለች እያልኩ አይደለም። ንግግሩን ባደረገችበት ጊዜ በእጇ የነበረውን ይዛ ነው የቀረበችው። ሳይንስ ከዚያ በኋላ መንገዱን ቀጠለ፣ ቪዲዮው ግን በ2012 እንደቆመ ቀረ፤ ዛሬ የሚያየውም ሰው የሚሰማው ያኔ የተባለውን ነው። ስለዚህ አንድ ንግግር ልቤን ሲነካው መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ስለ ጥናቱ በኋላ ምን ተባለ ብዬ እፈልጋለሁ። ቴድኤክስ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ቴድ ራሱ በ2012 መጨረሻ ሳይንስ የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር እንዳያቀርቡ ለቴድኤክስ አዘጋጆች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገዷል።

«18 ደቂቃ ሙሉ መናገር ግዴታ ነው»፣ «ደግሞም አንደበተ ርቱዕ ካልሆንክ አይቀበሉህም»

18 ደቂቃ ጣሪያው ነው። ከዚያ ያነሰ ሞልቷል።

ለሁለተኛው መልሱ ዊሊያም ካምክዋምባ ነው። ማላዊ ውስጥ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ከትምህርቱ የቀረ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ላይ ባየው ሥዕል ተነስቶ ከብስክሌት አካል፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቱቦ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሠራ፣ ለቤታቸውም መብራት አስገባ። በ2007 ታንዛኒያ፣ አሩሻ ላይ ቴድ ጉባኤ ሲያደርግ መድረክ ላይ ወጣ። 19 ዓመቱ ነበር። የተዘጋጀ ንግግር አልነበረም፤ የያኔው የቴድ ኃላፊ ክሪስ አንደርሰን ፎቶዎቹን እያሳየ ይጠይቀዋል፣ እሱ በአጭር በአጭሩ ይመልሳል። ጠቅላላው 6 ደቂቃ ያህል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲናገር ያን ቀን ከፍርሃቱ የተነሳ እንግሊዝኛው እንደጠፋበት፣ ሊያስታውከውም እንደነበር አጫውቷል። ግን ያን ቀን የሰማው ሰው ሁሉ ምን እንደሠራ ገብቶታል። ፈልጋችሁ እዩት፤ እጁ ላይ ያለው ነገር እውነተኛ ሲሆን አንደበት ብዙም እንደማያስፈልግ ከዚያ የበለጠ የሚያሳይ አላየሁም።

«ቴድ የሀብታሞች ነው»

አዳራሹን በተመለከተ ይሄ ሐሜት አይደለም። የዋናው ጉባኤ ትኬት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ተራ ሰው የሚደፍረው አይደለም። ንግግሮቹ ግን ከሰኔ 2006 ጀምሮ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አሉ። መጀመሪያ የተለቀቁት 6 ብቻ ነበሩ፣ የትምህርት ባለሙያው የኬን ሮቢንሰንና የስዊድናዊው ሐኪም የሃንስ ሮስሊንግ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ድርጅቱም ለትርፍ የቆመ አይደለም።

እንግሊዝኛ ካልቻልክ አይጠቅምህም የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከ2009 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ንግግሮቹን ከ100 በላይ ቋንቋዎች ተርጉመዋል። አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያርማል፣ ከዚያ ሰብታይትሉ (ቪዲዮው ላይ ከሥር የሚነበበው ትርጉም) የሁለቱን ስም ይዞ ይወጣል። ሁለት ቋንቋ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ማመልከት ይችላል።